የጋሽ ኡርጌሳ እንዝርት

ጋሽ ኡርጌሳ ልባቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ሲያስመረምሩ ከክሊኒኩ በፊት ሁልጊዜ የሚመጡት ወደ ትርሲት ጋራዥ ነበር። ሸሚዛቸውን ፈትተው አግዳሚው ላይ ይጋደማሉ። እሷ ሞተር የምታዳምጥበትን ረጅም ካቻቢቴ አንሥታ ጫፉን ደረታቸው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ታሳርፍና ትንፋሿን ውጣ ትሰማለች። «ንጹሕ ነው ጋሼ፤ እንደ አዲስ ነው የሚዞረው» ስትላቸው ሸሚዛቸውን እየቆለፉ፣ «ሐኪሟ ይህንኑ ለመናገር ሦስት መሣሪያ ታስርብኛለች» ይሏታል።

የጋሽ ኡርጌሳ ልብ አይመታም፤ ይዞራል። የሥጋ ልባቸውን ሥራ ከተረከበ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ውስጡ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ባለክንፍ መዘውር አለች፤ ደሙን ያለ ማቋረጥ የምትገፋው እሷ ናት። ሰዉ «እንዝርት» ይላታል። እንዝርት ያለው ሰው የእጁ አንጓ ቢዳሰስ ትርታ የለውም። በሻላ ግርጌ እንዲህ ያሉ ሰዎች ጥቂት ነበሩ፣ ማንም ግን አይገረምባቸውም።

ሻላ ግርጌ ስሟ እንደሚለው ከሐይቁ ሥር ያለች ከተማ ናት። ላይኛው ምድር በበጋ ሰው የማይችለው እሳት ሲሆን ወላጆቻቸው ወደ ውሃው ወረዱ፤ ልጆቹም ሌላ አገር ሳያውቁ እዚያው አደጉ። መብራታቸውን የሚያገኙት በፍል ውሃ ከሚዞሩ ተርባይኖች ነው። ተርባይኖቹ ተራ ሲቀያየሩ ከተማዋ በሙሉ ለአራት ሰከንድ ያህል ትጨልማለች። ይህን «ጥቅሻ» ይሉታል። በቀን አሥርም ሃያም ጊዜ ይመጣል፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ችግሩን በባትሪ መሸፈን ይቻል ነበር፣ ግን በውሃ ሥር የባትሪ እሳት ምን እንደሚያደርግ አንድ ጊዜ አይተዋልና ከባቄላ ፍሬ የሚበልጥ ባትሪ ክልክል ነው።

ጥቅሻ ሲመጣ ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አለሁ» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ሰው በጨለማው መሐል መተላለፊያ ውስጥ ውሃ ገብቶበት ሲሞት መጉደሉን ማንም ሳያውቅ ሁለት ቀን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ጋሽ ኡርጌሳ ብቻ በልማዱ ይቀልዱበታል። «አለሁ!» ይላሉ በጨለማው። «ልቤ ስለማይመሰክርልኝ ቃሌን እመኑኝ!»

በዚያ ሚያዝያ ግን ካቻቢቴው ለትርሲት ሌላ ነገር ነገራት። ከዙረቱ ሥር ጥፍር ሸክላ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ዓይነት ጭረት ነበረበት። ሁለት ጊዜ አዳመጠች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰማችው።

«ንጹሕ ነው አትይኝም?» አሉ ጋሽ ኡርጌሳ ተጋድመው እንዳሉ።

«ወደ ክሊኒክ እንሂድ፣ ጋሼ።»

ዶክተር ፈትለወርቅ ምስሉን አይታ ትርሲትን ወደ ውጭ ጠራቻት። ሁለቱ አብረው የተማሩ እኩዮች ናቸው፤ ቃል አላስዋቡም።

«ክንፎቿ ተበልተዋል። አሥራ ሁለት ቀን፤ ፍጥነቱን ዝቅ ካደረግሁት ምናልባት አሥራ አምስት።»

«እንዝርት የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስምንት። አሳንሰሩም እስከ ሐምሌ ታሽጓል፤ ከላይ ምንም ነገር አይወርድም። አሁን የምትዞረውን እንዝርት ጋሽ ኡርጌሳ ራሳቸው ናቸው የቆረጧት። አሁን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ትርሲት የቀረውን ታውቀዋለች። በከተማው ውስጥ ለልብ የሚሆን ታይታኒየም አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር፤ የእንቁላል ያህል። ያ ከተበላሸ ሌላ የለም።

እንዝርት የሚቆረጥበት የጋራዡ ማሽን ሲኤንሲ የሚባለው ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ የተጻፈለትን ቅርጽ እየተከተለ ብረት የሚቆርጥ። ፋብሪካ የሠራው ግን አይደለም። ጋሽ ኡርጌሳ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ከከተማዋ ግንባታ ከተረፈ ብረት ገጣጥመውታል። አልጋው የውሃ በር ነበር፤ ሞተሮቹ የአየር ማስገቢያ መስኮቶችን ይከፍቱ ነበር። መቁረጫውን የተሸከመው ከባዱ ጭንቅላት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ረጅም ቪቴ ላይ፣ እንደ ብሎን ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ፣ ነው፤ ቪቴው ሲዞር የተጠለቀበት የነሐስ ዳዶ ጭንቅላቱን ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ትርሲት ተማሪያቸው ሳለች በዚህ ቪቴ ታፍርበት ነበር። ቀርፋፋ ነው፣ ይፋጫል፣ ከሞተሩ ጉልበት ከግማሽ በላዩን በፍጭት ይጨርሰዋል። አንድ ቀን ዘመናዊ ነገር ይዛላቸው መጣች፤ ተንሳፋፊ ሃዲድ፣ ማግኔት የሚሸከመው፣ ብረት ከብረት የማይነካካበት። እሳቸውም ከሳጥናቸው ቺንጋ፣ የጎማ ቀበቶ፣ አወጡ፤ ደግሞ በዳዶው ውስጥ ትናንሽ ኳሶች የሚንከባለሉበትን ለስላሳ ቪቴ አወጡ። በየተራ ጭንቅላቱን አስያዟቸው። ቺንጋው ፈጠነ፤ ባለኳሱ እንደ ቅቤ ሄደ፤ ሃዲዱ ድምፅም አልነበረውም።

«ሲሄዱ ሁሉም ያምራሉ» አሉ ጋሽ ኡርጌሳ። «አሁን ደግሞ ሲቆሙ እንያቸው።» መብራቱን አጠፉት።

ሦስቱም ጭንቅላቱን ጣሉት። የሃዲዱ መቁረጫ አልጋው ላይ የተወው ጠባሳ ዛሬም አለ። ያ የሚፋጨው ቀርፋፋ ቪቴ ብቻ መብራት ሲያጣ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

«ፍጭት ጉልበት ይበላል ብለሻል፤ አልዋሸሽም» አሏት። «የበላውን ያህል ግን ይይዛል። ጥቅሻ ባለበት አገር ማሽን የሚመረጠው በአካሄዱ አይደለም።»

እንክብካቤውንም ያን ቀን አስተማሯት። ቪቴው በሦስት ወር አንዴ ይታጠባል፤ ከዚያ በጣት ጫፍ የተነካ ወፍራም ግራሶ ይቀባል። የሚቀባውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ለምን አንድ ሰው እንደሆነ ያኔ አልገባትም ነበር።

ትርሲት ታይታኒየሙን ከመንካቷ በፊት በሰም ሞከረች። ሰሙ ላይ የመጀመሪያዎቹ ክንፎች አምረው ወጡ። በአርባኛው ደቂቃ ጥቅሻ መጣ። «አለሁ» አለች ባዶ ጋራዥ ውስጥ። መብራቱ ሲመለስ መቁረጫው ሰሙን ወግቶት አገኘችው።

መለኪያውን ተክላ እንደገና ሞከረች። ጭንቅላቱ በጨለማው ውስጥ የአምስት ፀጉር ውፍረት ያህል ወርዷል። ለእንዝርት የሚፈቀደው ስህተት የአንድ ፀጉር ሩብ ነው። ሞተሩን ቀየረች፤ ወረደ። ማያያዣውን አጠበቀች፤ ወረደ። ክብደት በገመድ አንጠልጥላ ልታመዛዝነው ሞከረች፤ ገመዱ ጭንቅላቱን ያርገበግበው ጀመር። ሥራ ሲቆም በሽብልቅ መደገፍ ይቻላል፤ በሚንቀሳቀስ ነገር ሥር ግን ሽብልቅ አይገባም። ሠላሳ አንድ ዓመት ንቅንቅ ያላለ ቪቴ አሁን እንደ ሰነፍ ሎሌ ጌታው ፊቱን ባዞረ ቁጥር ይቀመጣል። ሦስት ቀን እንዲህ አለቀ።

በአራተኛው ቀን ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ጋሽ ኡርጌሳ ልባቸው ዝቅ ተደርጎ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ስንት ይወርዳል?»

«አምስት ፀጉር። አንዳንዴ ስድስት።»

«ቪቴው እርጥብ ነው?»

ትርሲት አንሶላቸውን ታስተካክል ጀመር።

«ትርሲት፤ እጠይቅሻለሁ እኮ።»

«የደቦው ቀን…» አለች። «እትዬ ዘርፌ ዘይት ይዘው መጡ። እንዴት ልበላቸው፣ ጋሼ?»

ማሽኑ በዓመት አንድ ጊዜ በደቦ ይጸዳል፤ ሰፈሩ ተሰብስቦ ብረት ይወለውላል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። የዘንድሮው የዋለው በመጋቢት ነበር። ጋሽ ኡርጌሳ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ሲያርፉ ታይተው ስለነበር ወሬው ተዛምቶ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሰው መጣ። የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ ዘርፌ ከቤታቸው የአየር ፓምፕ ላይ የቀነሱትን ዘይት በብልቃጥ ይዘው ነበር። ይህ ዘይት ለአንድ ቤት በዓመት አንድ ብልቃጥ ነው የሚታደለው፤ ቀጭን ነው፣ የማይገባበት ቀዳዳ የለም፣ ከእሱ የበለጠ የሚያንሸራትት ነገር በሐይቁ ሥር አይገኝም። «ኡርጌሳን የሚያኖር ማሽን ደረቅ አይሁን» ብለው ቪቴው ላይ ጠብ አደረጉና ብልቃጡን ለቀጣዩ ሰጡ። ሁሉም «እጄን ላሳርፍ» እያለ፣ እየመረቀ፣ አንዳንድ ጠብታ ጨመረ። ትርሲት አየች። አንደበቷ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ይሉኝታ ያዛት። ሲሄዱ አጥበዋለሁ ብላ ነበር፤ ሲሄዱ ደግሞ ምርቃት በሶዳ ማጠብ ከበዳት። ማታ ለነገ አለችው፤ ነገ ለከርሞ ሆነ።

«ስንት ሰው ነበር?» አሉ ጋሽ ኡርጌሳ።

«አርባ ሁለት።»

«አርባ ሁለት ሰው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተቆጡብኝ ብላ ራሷን አቀረቀረች። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ስታይ ነው እያለቀሱ እንደሆነ የገባት።

«ለዘርፌ እንዳትነግሪያት» አሉ ቆይተው። «እጠቢው፤ ዝም ብለሽ እጠቢው። እሷ ከሰማች አንጀቷ ይቆረጣል።»

አጠበችው። ዳዶውን ፈትታ በሶዳ ቀቀለች፣ ቪቴውን ጥርስ በጥርስ በክሊኒክ አልኮል ጠረገች። በሠላሳ አንድ ዓመት የተቦረቦረ ነሐስ ግን የጠጣውን በቀላሉ አይተፋም። አምስት ፀጉር የነበረው ወደ አንድ ፀጉር ወረደ፤ ከአንድ በታች እምቢ አለ። የቀረው አምስት ቀን፣ ቢበዛ ስምንት ነው።

ቪቴው አናት ላይ በእጅ የሚዞር መዘውር አለ። በሰባተኛው ቀን ጥቅሻ ሲመጣ ትርሲት ሳታስበው መዘውሩን ጨበጠችው። መብራቱ ሲመለስ መለኪያውን አየች። ጭንቅላቱ አልወረደም፤ ወረደም ከተባለ ከሩብ ፀጉር በታች ነው።

ሥራው ግን አሥራ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። እጁን መዘውሩ ላይ ያሳረፈ ሰው ዓይኑን ከሌላ ነገር መንቀል አለበት፤ እያሽከረከረው ሳይሆን እየተከተለው፣ ሳይጨብጥ፣ ግን ለመጨበጥ ተዘጋጅቶ። አንድ ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ አይችለውም። እሷ ደግሞ መቁረጫውን መጠበቅ አለባት። ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ሰው ለመጥራት ደግሞ ለምን እንደሆነ መናገር አለባት። ጋሽ ኡርጌሳ አትንገሪ ብለዋታል። ጋራዡ በር ላይ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ወደ እትዬ ዘርፌ ቤት ሄደች።

እትዬ ዘርፌ ምስር እየለቀሙ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«የእኔ ዘይት» አሉ።

«የሁላችንም ነው። የእኔ ጥፋት ነው።»

«ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ፣ እትዬ።»

«አፈርሽ!» ትሪውን አስቀመጡት። «እኔን እንዳታስቀይሚ ብለሽ ሰውየውን ልትቀብሪው? አብረን ነው ያደግነው! ምነው በሰደብሽኝ! ምነው ብልቃጡን ከእጄ ነጥቀሽ በሰበርሽው!» አለቀሱ፤ እሷም አለቀሰች። ከዚያ እትዬ ዘርፌ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ተነሡ። «አርባ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ነገ ጠዋት ይመጣሉ። መዘውሩን እንዴት እንደሚይዙት አንቺ አሳዪን።»

ታይታኒየሙ በማግስቱ ታሰረ። ሰዉ በጋራዡ ግድግዳ ዙሪያ ተሰልፎ ቆመ፤ እያንዳንዱ ለሃያ ሦስት ደቂቃ ያህል እጁን መዘውሩ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ቀጣዩ ከሥሩ እጁን አስገብቶ ይረከበዋል። ዳቦ ጋጋሪው ያዘ፤ የአልጌ ማሳ ሠራተኞቹ ያዙ፤ ከጋሽ ኡርጌሳ ጋር በድንበር ግድግዳ አሥር ዓመት የተኳረፈው ጎረቤታቸው ዳንጊሶም መጥቶ ያዘ። ወሬ አልነበረም። ጥቅሻ ሲመጣ ያለው እጅ ይጨብጣል፣ የያዘውም ሰው «አለሁ» ይላል፤ ከግድግዳው ሌሎቹ «አለን» ብለው ይመልሱለታል። ሲመሽ ጭንቅላቱን በሽብልቅ ደግፈው ተበተኑ፤ ሲነጋ ተመለሱ።

በሁለተኛው ቀን የመጨረሻውን ተራ የያዙት እትዬ ዘርፌ ናቸው። ጣቶቻቸው በቁርጥማት የተጣመሙ ስለነበሩ ትርሲት ሌላ ሰው ይያዝ ብትል ደስ ባላት፤ አሁንም ልትተወው አሰበችና ያለፈው ትዝ አላት።

«እትዬ፣ ጣትዎ ይችላል? ካልቻለ ይንገሩኝ።»

«አሁን ገና ሰው ሆንሽ» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ይችላል።»

ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ጥቅሻ መጣ። አራት ሰከንድ አለፈ፤ አልተመለሰም። ስድስት። ስምንት። በጨለማው ውስጥ የእትዬ ዘርፌ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። «አለሁ» ይላሉ፤ ደግሞ «አለሁ» ይላሉ፤ ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ። በአሥራ አንደኛው ሰከንድ መብራቱ መጣ። ትርሲት መለኪያውን ለማየት ፈራች። አየችው። ሩብ ፀጉር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። የእትዬ ዘርፌን ጣቶች ከመዘውሩ ላይ አንድ በአንድ ማላቀቅ የነበረባት እሷ ነበረች።

እንዝርቷ በአጉሊ መነጽር ስትታይ ክንፎቿ ላይ ሃያ ሰባት ስስ መስመሮች ነበሩባት። በሁለቱ ቀናት ሥራ ላይ ሳሉ የመጣው ጥቅሻም ሃያ ሰባት ነው። እያንዳንዱ እጅ ጭንቅላቱን ያቆመው ከሌላው በጥቂት ተለይቶ ነው፤ የአንዱ ከፍ፣ የአንዱ ዝቅ ብሏል። ዶክተር ፈትለወርቅ መስመሮቹን ለካቻቸው፣ ሁሉም ከሩብ ፀጉር በታች ናቸው አለች። በማግስቱ ጠዋት ደሙን ለሌላ ፓምፕ ሰጥታ፣ በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ አሮጌዋን አውጥታ አዲሷን አስገባች።

በሦስተኛው ቀን ትርሲትን አስጠራቻት። ሐኪሟ ግር ብሏታል። ጋሽ ኡርጌሳ ትራስ ተደግፈው ሾርባ እየጠጡ ነበር፤ ከንፈራቸው ቀላ ብሏል።

«አንጓቸውን ያዢው» አለች ሐኪሟ።

ትርሲት ያዘችው። መጀመሪያ የራሷ መሰላት። ጣቷን አንሥታ መልሳ አሳረፈች። ከሥሩ አንድ ነገር በቀስታ ተነሥቶ ወረደ፤ ደግሞ ተነሣ።

«ትርታ ነው» አለች ትርሲት።

«ሊኖር የማይገባው ነገር ነው» አለች ዶክተር ፈትለወርቅ። «መስመሮቹ እንዝርቷን በጥቂቱ አዛብተዋታል። የልቡ መቆጣጠሪያ መዛባቱ ይሰማዋል፤ ሊያቃናት ዝቅ ያደርጋታል፣ ደግሞ ከፍ ያደርጋታል፣ በደቂቃ ስድሳ ጊዜ ያህል። ጉዳት የለውም። ግን በትክክል ከተነገረ ስህተት ነው።»

ትርሲት አሳዛኝ ነገር የሠራች መሰላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ እንከን ሲዞር የነበረ ልብ በእሷ እጅ ተንገዳገደ። «በሐምሌ አሳንሰሩ ሲከፈት አዲስ ብረት ይመጣል፣ ጋሼ» አለች። «ለቪቴውም እስከዚያ አዲስ ዳዶ እሠራለታለሁ። ንጹሕ አድርጌ እንደገና እቆርጥልዎታለሁ።»

ጋሽ ኡርጌሳ ሾርባቸውን አስቀመጡ።

ያን ጊዜ ጥቅሻ መጣ። ከየክፍሉ፣ ከመተላለፊያው፣ ከግድግዳው ማዶ «አለሁ፣ አለሁ» ተባለ። ሐኪሟ «አለሁ» አለች፤ ትርሲት «አለሁ» አለች። ከአልጋው በኩል ግን ቀልዱም፣ ቃሉም አልመጣም።

«ጋሼ?» አለች ደንግጣ።

በጨለማው ውስጥ አንድ እጅ መጥቶ እጇን ፈልጎ አገኘው፤ ጣቶቿንም ወስዶ አንጓው ላይ አሳረፋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቆጠረች። ከጣቷ ሥር የሚነሣው የትኛው እጅ እንደሆነ፣ የዳቦ ጋጋሪው ይሁን የዳንጊሶ ወይም የእትዬ ዘርፌ ጠማማ ጣቶች፣ መለየት አልቻለችም።

መብራቱ ተመለሰ። ጋሽ ኡርጌሳ እጇን አልለቀቁትም ነበር። ስለ ሐምሌው ብረት ዳግመኛ አላነሣችባቸውም።